የጠዋት ቀጠሮዎች ለምን ይጠፋሉ?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ጥያቄ፦ የሕክምናና የላቦራቶሪ ዕቃዎችን በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከመስከረም ወር ጀምሮ የደንበኞቻችንን መረጃና ቀጠሮ ኦዱ በተባለው ሶፍትዌር እንመዘግባለን። በሥሬ ያሉት 9 የሽያጭ ሠራተኞች ከሆስፒታልም ሆነ ከግል ክሊኒክ ጋር የሚይዙትን ቀጠሮ ሁሉ በካላንደሩ ላይ እንዲያስገቡ ታዘዋል፤ እኔም ማለዳ ቢሮ ስገባ ካላንደሩን ከፍቼ ማን የት እንደሚውል አያለሁ። ችግሩ የቀጠሮዎቹ መጥፋት ነው። ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐሙስ ዕለት ከአንድ ሆስፒታል የግዥ ኮሚቴ ጋር ስብሰባ ነበረን፤ ካላንደሩ ላይ ስላልነበረ ማንም ሳይሄድ ቀረ። ቀጠሮውን የያዘው ልጅ በዚያ ሳምንት ለመስክ ሥራ ወጥቶ ነበርና በእሱ ፈንታ ሌላ ሰው መላክ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እሱ ግን በገዛ እጄ መዝግቤአለሁ ብሎ ይምላል። ከዚህ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ስላጋጠመኝ ለሁለት ሠራተኞች የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ። ሶፍትዌሩን የተከለልን ባለሙያ «ሰርቨሩ ምንም አልሆነም» ከማለት ውጪ የነገረኝ የለም። አንዳንዱ ቀጠሮ ሠራተኛው ስልክ ላይ ባለው ጉግል ካላንደር ላይ ይታያል፣ ኦዱ ላይ ግን የለም፤ አንዳንዱ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ለማንኛውም አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ የከሰዓት በኋላ ቀጠሮ እምብዛም አይጠፋም፤ የሚጠፋው የጠዋቱ ነው። ሶፍትዌሩን እንተወው ወይስ መፍትሔ አለው?

የሽያጭ ክፍል ኃላፊ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ነገር የጥያቄዎን ግማሽ ትመልሳለች። ሰርቨር ሲበላሽ ጠዋትና ከሰዓትን አይለይም። ጠዋትና ከሰዓትን የሚለየው የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ነው።

ሠራተኛዎ ከደንበኛው ጋር «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት» ተባብሎ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ኦዱን ከፍቶ በመጀመሪያ ሰዓት ሳጥን ውስጥ 3፡00 ብሎ ቢጽፍ፣ ሶፍትዌሩ የተረዳው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሦስተኛ ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ነው። መጻፍ የነበረበት 9፡00 ነበር። የሳምንቱ ገጽ ሲከፈት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፊት ለፊት የሚመጣው የቀኑ ክፍል ነው፤ የሌሊቱ ሰዓታት ከላይ ተሰውረው ስለሚቀሩ ገጹን ወደ ላይ ያላንሸራተተ ሰው ያንን ቀጠሮ አያየውም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተባለውም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተቀምጦ እንዲሁ ይደበቃል። የከሰዓቱን እንይ። ከቀኑ 8 ሰዓት የተባለው ስብሰባ 8፡00 ተብሎ ቢጻፍ የሚያርፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የተባለውም 10፡00 ተብሎ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ያርፋል። ሁለቱም በሥራ ሰዓት ውስጥ ስለወደቁ በገጹ ላይ ወለል ብለው ይታያሉ። ስለዚህ ስሕተቱ አንድ ሆኖ ሳለ የጠዋቱ ቀጠሮ «ጠፋ» ይባላል፣ የከሰዓቱ ግን «አለ» ተብሎ ይታለፋል። እውነቱን ለመናገር እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው የሚታየው ነው፤ ምክንያቱም እርስዎ ሠራተኛው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ደንበኛ ዘንድ እንዳለ አምነው ሳለ እሱ ገና ቢሮ ተቀምጦ የዋጋ ማቅረቢያ ያዘጋጃል፤ ሁለታችሁም በየራሳችሁ ልክ ናችሁ።

ይህንን ለማረጋገጥ ኮምፒውተር እንኳ መክፈት አያስፈልግዎትም። ሠራተኞችዎን ሰብስበው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ስልኩ «ስብሰባ አለዎት» እያለ የሚቀሰቅሰው ሰው ካለ ይጠይቁ። አንድ እንኳ እጁን ካወጣ ነገሩ ተገኘ ማለት ነው።

የጥር 7ቱ ስብሰባ ግን ከዚህ የባሰ ነገር የደረሰበት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የዚያን ዕለት ሌሊት ላይ ቢሆን ኖሮ በኋላ ሲፈልጉት በወሩ ገጽ ላይ ሐሙስ ዕለት ሥር ባገኙት ነበር። ጥር አምስተኛው ወራችን ነው። ሠራተኛው ቀኑን በጣቱ ለምዶ 07/05/2018 ብሎ ጽፎ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ፣ ቀጠሮው ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ በፊት ወደነበረው ሜይ 7 ቀን 2018 ሄዷል። የተጠቃሚው ቋንቋ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሆኖ ወሩ የሚቀድም ከሆነ ደግሞ ጁላይ 5 ቀን 2018 ላይ ተቀምጧል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 15 ቀን 2026 ነበር። ካላንደሩን ወደ ኋላ እየገለበጠ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 የሚደርስ ሰው ስለሌለ መዝገቡ እዚያው ተኝቶ ይኖራል። ዓመቱን ሳይነካ ከመምረጫው ላይ አምስተኛውን ወርና ሰባተኛውን ቀን የመረጠ ሰው ካለ ደግሞ ቀጠሮው ወደ ፊት ሜይ 7 ቀን 2026 ላይ ይጠብቃል፤ ሚያዝያ 29 ቀን ጠዋት ማንም የማያውቀው የሆስፒታል ስብሰባ ድንገት ብቅ ሲል እንዳይደነግጡ ነው የምነግርዎ። ጳጉሜን ለብቻዋ ጉድ ታሳያለች። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.ን 3/13/2017 ብሎ ያስገባ ሰው፣ ቀን በሚቀድምበት አጻጻፍ 13ኛ ወር የለም ተብሎ ይመለስለታል፤ ወር በሚቀድምበት አጻጻፍ ግን ያለ ምንም ተቃውሞ ማርች 13 ቀን 2017 ሆኖ ይመዘገብለታል።

እንግዲህ ፍለጋው እንዲህ ነው። ኦዱ ካላንደር ላይ ከላይ ባለው የዕይታ መምረጫ ከሳምንቱ ገጽ ወደ ዝርዝር ይለውጡ፤ በዝርዝሩ ውስጥ ቀጠሮዎቹ እንደ ሠንጠረዥ መስመር በመስመር ይወጣሉ፣ የትኛውም ሰዓትና ዓመት አይደብቃቸውም። በፍለጋው ሳጥን ላይ ያሉትን ማጣሪያዎች በሙሉ ያጥፉ፤ በተለይም የራስዎን ስብሰባዎች ብቻ የሚያሳየውን። ከዚያ የሆስፒታሉን ስም ይጻፉ። በስም ካልተገኘ ብጁ ማጣሪያ ከፍተው «የተፈጠረበት ቀን» የሚለውን መስክ በመምረጥ ሠራተኛው መዘገብኩ የሚልበትን ሳምንት ያስገቡ። ቁልፉ ይህ ነው፤ ቀጠሮው የሚካሄድበትን ቀን ሰው ይሳሳተዋል፣ የተፈጠረበትን ቀን ግን ሶፍትዌሩ ራሱ ስለሚሞላው አይሳሳትም። ያንን መዝገብ በጥር መጀመሪያ ተፈጥሮ፣ መጀመሪያ ሰዓቱ ግን በእ.ኤ.አ. 2018 የሚል ሆኖ ካገኙት የልጁ መሐላ እውነት ነበር።

በዚህም ካልተገኘ ሰዓቱንና ቀኑን ትተን ወደ ሰው እንሄዳለን። በኦዱ ካላንደር በስተቀኝ በኩል ስሞች ከነምልክት ማድረጊያ ሳጥናቸው ተደርድረዋል። በገጹ ላይ የሚወጣው የእነዚያ ምልክት የተደረገባቸው ሰዎች ቀጠሮ ብቻ ነው፤ መለኪያውም በቀጠሮው ላይ በተሳታፊነት መጻፋቸው እንጂ ቀጠሮውን ማዘጋጀታቸው አይደለም። ጸሐፊዋ በአንድ ሠራተኛ ፈንታ ቀጠሮ ስትይዝ የደንበኛውን ስም አስገብታ የሠራተኛውን ስም ከተሳታፊዎቹ መካከል ሳትጨምር ከቀረች፣ ቀጠሮው በእሷ ገጽ ላይ ያምራል፣ በእሱ ገጽ ላይ ግን የለም። «የሁሉም ሰው ካላንደር» የሚለውን ሳጥን ምልክት ሲያደርጉበት ብዙ «የጠፋ» ቀጠሮ ተግተልትሎ ይመጣል። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ካለም የእሱን ስም አይርሱ፤ መለያው ሲዘጋ ቀጠሮዎቹ ወደ ተተኪው በራሳቸው አይዛወሩም፣ አንድ በአንድ ወይም ከዝርዝሩ ላይ በጅምላ ተመርጠው ተሳታፊው መለወጥ አለበት። ሌላው በተደጋጋሚ የማየው ስሕተት የተግባርና የስብሰባ መምታታት ነው። በደንበኛው ገጽ ላይ «የስልክ ጥሪ» ወይም «ሊሠራ የሚገባ» ተብሎ የተመዘገበ ተግባር የሚፈጸምበት ቀን ስላለው ቀጠሮ ይመስላል፤ ሆኖም ካላንደር ላይ የሚገባው በስብሰባነት የተያዘው ነው። ሠራተኛው «ሰኞ ሄጄ አያቸዋለሁ» ብሎ በተግባርነት ከመዘገበው በደንበኛው ገጽና በተግባር ማስታወሻው ላይ እንጂ በካላንደርዎ ላይ አይፈልጉት።

የጉግል ካላንደርን ጉዳይ ለብቻው ላንሣው። ሁለቱ ካላንደሮች እንዲነጋገሩ እያንዳንዱ ሠራተኛ በየራሱ መለያ ገብቶ ማመሳሰሉን መፍቀድ አለበት፤ ኃላፊው ስለፈቀደ የሌላው አይከፈትም። ማመሳሰሉ ተከፍቶም ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር ከዛሬ 365 ቀን ወደ ኋላና 365 ቀን ወደ ፊት ያለውን ብቻ ያመላልሳል፤ በስሕተት ወደ እ.ኤ.አ. 2018 የተወረወረው ቀጠሮ ስልክ ላይ ያልታየውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አሁን ደግሞ ባለሙያዎን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁልኝ እፈልጋለሁ፦ ኦዱን ከጉግል ለማገናኘት በጉግል ክላውድ (ባለሙያዎች ሶፍትዌርን ከጉግል ጋር በሚያገናኙበት መድረክ) ላይ የተከፈተው ፕሮጀክት የፈቃድ ገጹ በሙከራ ደረጃ ላይ ነው ወይስ ወደ ሥራ ተለቋል? ለውጭ ተጠቃሚ ተብሎ ተከፍቶ በሙከራ ደረጃ ላይ የተተወ ፕሮጀክት የሚሰጠው የማደሻ ቶከን (ኦዱ በየጊዜው ፈቃድ ሳይጠይቅ ከጉግል ጋር እንዲገናኝ የሚያስችለው ዲጂታል ቁልፍ) በ7 ቀን ይሞታል። ያኔ ማመሳሰሉ ይቆማል፤ ሠራተኛው እንደገና ፈቃድ ሲሰጥ ይቀጥላል፤ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይቆማል። «አንዳንዱ እዚህ አለ፣ አንዳንዱ እዚያ አለ» ያሉት ነገር እንደዚህ ላለ የሚቆራረጥ ግንኙነት ጥሩ ምልክት ነው። ፕሮጀክቱን ወደ ሥራ ደረጃ ማሸጋገር፣ ወይም ድርጅቱ የራሱ ጉግል ወርክስፔስ (ለድርጅቶች የተዘጋጀው የጉግል አገልግሎት) ካለው ለውስጥ ተጠቃሚ ብቻ ማድረግ ነገሩን ይቋጨዋል። ሠራተኞችዎንም ያስጠንቅቁ፤ ማመሳሰሉ በተከፈተበት ስልክ ላይ «ካላንደሬ ተጨናነቀ» ብሎ ቀጠሮ የሚሰርዝ ሰው ከድርጅቱ ካላንደርም ላይ እያነሣ ነው። ጉግል የተሰረዘውን 30 ቀን በመጣያው ውስጥ ስለሚያቆየው በጊዜ የተደረሰበት ይመለሳል።

ለወደፊቱ ምን ይደረግ? ሁለት ነገር ቢያደርጉ ይበቃል እላለሁ። አንደኛ፣ በኦዱ የቋንቋ ቅንብር ውስጥ የቀኑን አጻጻፍ ወሩ በፊደል በሚወጣበት ዓይነት ያስለውጡ። 07/05/2018 ዓይንን ያታልላል፤ «07 ሜይ 2018» ግን ጥር ላይ ለተቀመጠ ሰው ወዲያው ይጎረብጠዋል። ሁለተኛ፣ የቀጠሮው ርዕስ ላይ የእኛ ሰዓት በቃል ይጻፍ፤ «ጠዋት 3፣ የግዥ ኮሚቴ» የሚል ርዕስ ያለው ሳጥን 3፡00 ላይ ተሰክቶ ሲታይ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። በአገራችን ባለሙያዎች የተሠሩ፣ ኦዱ ላይ የኢትዮጵያን ቀን የሚያሳዩ ተጨማሪ ሞጁሎች መኖራቸውን ሰምተው ይሆናል፤ ለደብዳቤና ለደረሰኝ ይጠቅማሉ። ለካላንደሩ ግን አንድ ሰው ሳይቀር ሁሉም በአንዱ መንገድ እንዲያስገባ ካልተደረገ በቀር አልመክርም፤ ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ የሚያስገባበት ቢሮ አሁን ካለበት የባሰ ይታመሳል። ሶፍትዌሩን መለወጥ ምንም አይፈይድም፤ የሚቀጥለውም በዚያው በጎርጎርዮስ ነው የሚሠራው።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎቹን በተመለከተ አልጠየቁኝም። ሆኖም ፍለጋውን ሲጨርሱ የሁለቱ ሠራተኞች መዝገብ በእ.ኤ.አ. 2018 ወይም በሌሊቱ ሰዓት ውስጥ ከተገኘ፣ ደብዳቤዎቹ ከግል ማኅደራቸው ይውጡ።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ አነስተኛ የታክስና የኢንሹራንስ ቢሮ አለኝ። የደንበኞቼን ቀጠሮ ሴልስፎርስ በተባለው የደንበኞች መረጃ ሶፍትዌር እይዛለሁ፤ አዲስ አበባ ያለች ረዳቴም በዚያው ትገባለች። ሁለት ነገር ግራ አጋብቶኛል። በየሳምንቱ ማክሰኞ ከረዳቴ ጋር የምናደርገው ስብሰባ ኖቬምበር ሲገባ ከእሷ ካላንደር ላይ ከቦታው ጠፋ፤ እኔ ጋ ግን እንዳለ ነው። በተጨማሪም ካቻምና በታክስ ወቅት ከደንበኞች ጋር የነበሩኝን ቀጠሮዎች ቁጥር ለማውጣት ሪፖርት ሳዘጋጅ ባዶ መጣልኝ። ማንም እንዳልሰረዘው እርግጠኛ ነኝ።

የቢሮ ባለቤት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ የመጀመሪያው ከሶፍትዌሩ ይልቅ የአሜሪካ ሰዓት መለወጥ ሥራ ነው። አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ወደ ኋላ ታደርጋለች፤ ባለፈው መኸር ያ ቀን ኖቬምበር 2 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነበር። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትነካም። ስለዚህ በበጋችሁ በቨርጂኒያና በአዲስ አበባ መካከል የነበረው የ7 ሰዓት ልዩነት በክረምታችሁ 8 ይሆናል። እርስዎ ስብሰባውን በእርስዎ ሰዓት ከጠዋቱ 9፡00 ብለው ስለደገሙት፣ ለረዳትዎ እስከ ኦክቶበር ድረስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይውል የነበረው ከኖቬምበር ወዲህ 11 ሰዓት ላይ ሆነባት። እሷ የለመደችው ቦታ ላይ ስትፈልገው የለም፤ አንድ ሰዓት ወደ ታች ብትወርድ፣ ምናልባትም ቢሮዋን ቆልፋ የምትወጣበት ሰዓት ላይ፣ ታገኘዋለች። የተደጋገመ ቀጠሮ የሚከተለው የተፈጠረበትን የሰዓት ቀጣና ስለሆነ፣ የማን ሰዓት እንዲጸና እንደምትፈልጉ ተስማምታችሁ ቀጠሮውን ያ ሰው ራሱ ቢፈጥረው ይሻላል። እኔ ብሆን የእሷ እንዲጸና አደርገው ነበር፤ እርስዎ ቡናዎን ይዘው ከጠዋቱ 8፡00 መግባት አይከብድዎትም፣ እሷን ግን ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ከከተማው ትራንስፖርት ጋር ማታገል ነው። ማርች 8 ቀን 2026 ሰዓታችሁ እንደገና ይለወጣልና ከዚያ በፊት ቢወስኑ መልካም ነው። ከዱባይ ወይም ከሪያድ የሚጽፉልን አንባቢያን በዚህ አይቸገሩም፤ በእነዚያ አገሮች ሰዓት አይለወጥም፣ ሪያድማ ከአዲስ አበባ ጋር ጭራሽ አንድ ሰዓት ላይ ናት።

በነካ እጅዎ በሁለታችሁም የግል ቅንብር ውስጥ የሰዓት ቀጣናው በትክክል መሞላቱን ይመልከቱ። ሴልስፎርስ ሰዓትን የሚያሳየው በተጠቃሚው ቅንብር ውስጥ በተጻፈው ቀጣና ነው እንጂ ኮምፒውተሩ በሚገኝበት አገር አይደለም፤ የረዳትዎ መለያ ሲከፈት የእርስዎ ቀጣና ተገልብጦ ቀርቶ ከሆነ ቀጠሮ ሁሉ በአሜሪካ ሰዓት ይታያታል።

የካቻምናው ቀጠሮ አልተሰረዘም። ሴልስፎርስ ካበቃ ከ365 ቀን በላይ የሆነውን ቀጠሮ በራሱ ወደ አርካይቭ (የአሮጌ መዝገቦች ማከማቻ) ያዛውረዋል፤ አርካይቭ የገባ ቀጠሮ ደግሞ በሪፖርት ውስጥ አይቆጠርም። መዝገቡን በደንበኛው ገጽ ላይ የእንቅስቃሴውን ታሪክ ሙሉውን እንዲያሳይ በማዘዝ ያገኙታል፤ ብዛቱን በአንድ ጊዜ ለማውጣት ከፈለጉ ግን አርካይቭ የገባውንም ጨምሮ ዳታውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ባለሙያ ያስፈልግዎታል። ይህንን የ365 ቀን ገደብ ማስረዘም ከፈለጉ የሴልስፎርስን የድጋፍ ክፍል መጠየቅ ይቻላል። እንደ እርስዎ በታክስ ወቅት የሚሠራ ሰው ዘንድሮን ከካቻምና ጋር ማወዳደሩ አይቀርምና፣ በየዓመቱ ሜይ ላይ ያንን ሪፖርት አውጥቶ በኤክሴል ማስቀመጡ ከሁሉም ይቀልላል። በሰው እጅ የተሰረዘ ቀጠሮ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ የሴልስፎርስ ሪሳይክል ቢን (የተሰረዘው የሚቆይበት መጣያ) የሚታገሠው 15 ቀን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ስዊትሲአርኤም የተባለውን የደንበኞች መረጃ ሶፍትዌር እንጠቀማለን። ከደንበኛ ጋር የተደረገን ስብሰባ «ተካሂዷል» ብለን ስንመዘግበው ወዲያው ከካላንደሩ ላይ ይጠፋል። ታዲያ የሠራነውን ሥራ በምን እናሳያለን?

የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ በካላንደሩ ገጽ ላይ ያለውን የቅንብር ቁልፍ ይጫኑ፤ የተጠናቀቁ ስብሰባዎች፣ ጥሪዎችና ተግባራት እንዲታዩ የሚያደርግ ሳጥን አለ፣ ምልክት ያድርጉበትና ያስቀምጡ። እዚያው ላይ የቀኑ መጀመሪያና ማብቂያ ሰዓት ይሞላል፤ ለመጀመሪያው ደብዳቤ የሰጠሁት መልስ እናንተንም ስለሚመለከት የመጀመሪያ ሰዓቱን ለአንድ ሳምንት ያህል 0፡00 አድርጋችሁ ሌሊት ላይ የተቀመጠ ቀጠሮ መኖር አለመኖሩን ፈትሹ። የስልክ ጥሪዎችና ተግባራት ካልታዩም ሳጥኖቻቸው እዚያው ጎን ለጎን ናቸው። ቅንብሩ የግል ስለሆነ አንዱ ሲያስተካክል የሌላው አብሮ አይስተካከልም።

ጥያቄ፦ የቢሯችን የደንበኞች ሶፍትዌር የካላንደሩን ሊንክ ሰጥቶኝ በጉግል ካላንደሬ ላይ አስገባሁት። ጠዋት የተመዘገበው ቀጠሮ ግን ማታ ካልሆነ አይመጣም፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የማየው።

አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ በሊንክ የገባ ካላንደር የተመሳሰለ ካላንደር አይደለም። ጉግል ያንን ሊንክ በራሱ ጊዜ እየተመላለሰ ያነበዋል፤ ለውጥ እስኪታይ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል ራሱ ጉግል ይገልጻል፣ የሚያፋጥኑበት ቁልፍም የለም። በዚህ መንገድ የመጣ ቀጠሮ ለንባብ ብቻ ስለሆነ እርስዎ ስልክዎ ላይ የሚለውጡት ነገርም ወደ ቢሮው አይመለስም። ሶፍትዌሩ በመለያ ተገብቶ የሚፈቀድ የሁለት አቅጣጫ ማመሳሰያ ካለው ሊንኩን አስወግደው በእሱ ይተኩት፤ ሊንኩን ሳያነሡ ሁለቱን ካደራረቡ እያንዳንዱ ቀጠሮ ሁለት ሁለት ጊዜ ይታይዎታል። ማመሳሰያ ከሌለው ግን የዕለቱን ቀጠሮ ከስልክዎ ሳይሆን ከራሱ ከሶፍትዌሩ ላይ ያንብቡ።